«አቁም!» ማለት የማን መብት ነው?

ነገሩ የሆነው በቅርቡ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አንድ ማክሰኞ ጧት ነው። የሕንፃውን ስም አንጠራም፤ የሥራ ተቋራጩንም እንዲሁ። አንዱን በስሙ ጠርተን ብንወቅስ ሌላው «እኔን አይደለም» ብሎ እጁን ይታጠባልና።

ሰዓቱ ሕዝቡ ወደ ሥራ የሚተምበት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መሬቱ ጭቃ ነው። አንድ ባለ ጎማ ክሬን ግማሽ ጎኑን አስፋልቱ ላይ፣ ግማሽ ጎኑን ደግሞ ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሮ አፈር በተመለሰበት ቦይ ላይ አሳርፎ፣ አንድ እስር ፌሮ ወደ አራተኛው ፎቅ ያወጣል። ከሥሩ ሰው ያልፋል። ቆሎ የምትሸጥ እናት ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ተማሪዎች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ አንገታቸውን ሰቅለው ያያሉ። የታክሲ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል።

በዚህ መሐል ዕድሜው ከሃያ የማይበልጥ አንድ ቀን ሠራተኛ አካፋውን ጥሎ፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ «ኧረ ጋሼ አቁም! አቁም! እግሩ እየገባ ነው!» እያለ ወደ ክሬኑ ሮጠ። ዘወር ብለን ስናይ ልጁ እውነቱን ነው። ከክሬኑ አራት የጎን እግሮች አንዱ፣ ቦዩ ላይ ያረፈው፣ ከሥሩ የተነጠፈችለትን ቁራጭ ጣውላ ሰንጥቆ አፈሩ ውስጥ እየሰጠመ ነው። ኦፕሬተሩ አላየም፤ ዓይኑ ከላይ ጭነቱ ላይ ነው። ልጁን ያየው ካፖው ነው። ካፖው ታዲያ ምን አለ? «አንተ ማነህና ነው የምታዘው? ወደ ሥራህ!» አለና በክንዱ ገፈተረው። ፌሮው ወጣ። ተራገፈ። ምንም አልሆነም።

ልጁን እኩለ ቀን ላይ በሩ አጠገብ አገኘነው። ፌስታሉን አንጠልጥሎ እየወጣ ነበር።

«ምነው ወንድሜ፣ ሥራ አለቀ እንዴ?» አልነው።

«አይ፣ ነገ እንዳትመጣ ተብያለሁ።»

«ለምን?»

ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ፣ «ሥራ አስቆምክ ብለው ነዋ!» አለን።

እግዲህ ፍረዱ! ልጁ ሥራ አላስቆመም። ሊያስቆም ሞክሮ የሚሰማው አጣ እንጂ። የተቀጣው አፉን ስለከፈተ ብቻ ነው። በማግስቱ በርሱ ቦታ የሚገባው ልጅ ደግሞ ይህን ታሪክ ሰምቶ ነው የሚገባው፤ የክሬኑ እግር ሲሰጥም ቢያይ አካፋውን አጥብቆ ይዞ ወደ መሬት ያቀረቅራል። አደጋ በአገራችን የሚፈለፈለው እንዲህ ነው።

እኛም ይህን ርዕሰ አንቀጽ ለመጻፍ የተነሳነው ስለ ብረት ለማውራት አይደለም። «ምንም አልሆነም» የምትለዋ ቃል ስንቱን ለሞት እያዘጋጀች እንደሆነ፣ «አቁም» የምትለዋን ቃል ደግሞ ከሠራተኛው አፍ የነጠቃት ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። በክሬን ሥራ ዓለም ተስማምቶ የሚሠራበት ደንብ አለ። ለኦፕሬተሩ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለትና ሦስት ሰው «ወደ ቀኝ! ወደ ግራ! ዝቅ! ከፍ!» እያለ ቢያዘው ጭነቱ ሰው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ አንዱ ምልክት ሰጪ ይታወቃል፣ የሚለይ ልብስ ይለብሳል፣ ኦፕሬተሩ ከርሱ በቀር ማንንም አይሰማም። ከዚህ ደንብ ውጪ የሆነች አንዲት ምልክት ብቻ አለች። እሷም «አቁም» ናት። «አቁም»ን መሐንዲሱም፣ ዘበኛውም፣ ሻይ አመላላሿም፣ መንገደኛውም ሊሰጣት ይችላል። ኦፕሬተሩም ማን እንደሰጣት ሳይጠይቅ መታዘዝ አለበት። አሜሪካኖች በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ባወጡት የግንባታ ክሬን ደንብ ይህን በግልጽ አስፍረውታል። በዚያው ደንብ ላይ ኦፕሬተሩ ራሱ ሥጋት ከገባው፣ በጉዳዩ ዕውቀት ያለው ሰው ደኅንነቱን እስኪያረጋግጥ ድረስ ጭነቱን አላነሳም የማለት ሥልጣን አለው።

ለምን ይህን ያህል ሥልጣን ለአንዲት ቃል ተሰጠ? መልሱ ማሽኑ ውስጥ ነው። እስቲ በቀላሉ እንየው።

ብዙ ሰው «ሃምሳ ቶን ክሬን» ሲባል ሃምሳ ቶን የትም ቦታ የሚያነሳ ይመስለዋል። አይደለም። ሃምሳ ቶን የሚያነሳው ክንዱ አጥሮ፣ ጭነቱ ከማሽኑ መሐል ሦስት ሜትር ገደማ ሲርቅ ብቻ ነው። ክንዱ በረዘመና ጭነቱ በራቀ ቁጥር አቅሙ ይወርዳል። ሁለት ቶን ጭነት አምስት ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን ማሽኑን የሚገለብጠው ጉልበት አሥር ቶን-ሜትር ነው። ያው ሁለት ቶን አሥር ሜትር ላይ ሃያ፣ ሃያ ሜትር ላይ አርባ ይሆናል። ጭነቱ አንዲት ኪሎ ሳይጨምር ጉልበቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ክሬን የራሱ የጭነት ሰንጠረዥ ያለው። በዚህ ርዝመት፣ በዚህ ርቀት፣ ይህን ያህል ኪሎ ይላል። ሰንጠረዡ ከኦፕሬተሩ አጠገብ ሊቀመጥ፣ እርሱም ሊያነበው ይገባል። ለመሆኑ በየሠፈራችን ከሚሽከረከሩት ክሬኖች ስንቱ ሰንጠረዡ አለው? ያለውስ ቢሆን የተጻፈው ኦፕሬተሩ በሚያነበው ቋንቋ ነው?

ክብደቱስ? «ስንት ይመዝናል?» ሲባል «ትንሽ ናት፣ አንሳት!» የሚል መልስ የተለመደ ነው። አንድ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ከሆነ፣ 10.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለት መቶው ሲታሰር ከ2,100 ኪሎ በላይ ነው። «ትንሽ ናት» የተባለችው እስር እንግዲህ ከሁለት ቶን በላይ ናት! ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ እርሳስና አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው።

ስለ ገመዱ ደግሞ እናንሳ። አንድ ቶን ጭነት በሁለት ገመድ ሲንጠለጠል እያንዳንዱ ገመድ ግማሽ ቶን የሚሸከም ይመስላል። ገመዶቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ እውነት ነው። ከአግድሙ ጋር 60 ዲግሪ ሲሠሩ ግን እያንዳንዱ 580 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፤ 45 ዲግሪ ሲሆኑ 700 ይደርሳል፤ 30 ዲግሪ ሲወርዱ እያንዳንዱ ሙሉ አንድ ቶን ይሸከማል። ገመዱ አጭር ስለሆነ ብቻ ጭነቱ እጥፍ ሆነበት! ታዲያ ቀን ሠራተኛው ይህን የት ተማረ? «እሰር» ተባለ፣ አሰረ። ሲበጠስ ጥፋቱ የርሱ ይባላል።

አሁን ወደዚያ ጧት፣ ወደ ሰጠመው እግር እንመለስ። ክሬን ጭነት አንስቶ ሲዞር የራሱና የጭነቱ ክብደት አብዛኛው ወደ አንድ እግር ይሄዳል። አንዱ እግር ሃያ ቶን ቢያርፍበትና ከሥሩ ያለው ብረት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ካሬ ሜትር ሰማንያ ቶን መሬቱን ይጫናል ማለት ነው። በዚያው እግር ሥር አንድ ሜትር ከግማሽ በአንድ ሜትር ከግማሽ የሆነ ጠንካራ ምንጣፍ ቢነጠፍ ግፊቱ ወደ ዘጠኝ ቶን ይወርዳል። ሰማንያና ዘጠኝ! ልዩነቱን የሚያመጣው ጥቂት ወፍራም ግንድ ወይም የብረት ምንጣፍ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ እንደምናውቃት ናት። በቦሌና በአቃቂ በኩል ውኃ ሲነካው የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር አለ። በየመንገዱ ዳር ለውኃ፣ ለፍሳሽ፣ ለስልክና ለመብራት ተቆፍሮ የተመለሰ ቦይ አለ። የአፈሩን ጠባይ፣ ቦዩ የት እንደተቆፈረና መቼ እንደተደፈነ ከማንም በላይ የሚያውቀው ማነው? የቆፈረው ልጅ ነው! ያንኑ ልጅ ነው «አንተ ማነህ?» ያሉት።

ከሁሉ የሚያስፈራው የመብራት ሽቦ ነው። ከተማችን ውስጥ በእንጨትና በኮንክሪት ምሰሶ የሚሄደው መሥመር 15,000 ቮልት ይደርሳል፤ በትልልቅ የብረት ማማ የሚሄደው ደግሞ 132,000 ቮልትና ከዚያም በላይ የሆነ አለ። የክሬን ክንድ ሽቦውን እስኪነካ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከተጠጋ ኤሌክትሪኩ በአየር ዘሎ ይመጣል። የአሜሪካኖቹ ደንብ እስከ 50,000 ቮልት ላለው ሽቦ ቢያንስ ሦስት ሜትር፣ ከዚያ በላይ እስከ 200,000 ላለው ከአራት ሜጥር ተኩል በላይ ራቁ ይላል። የሽቦው ጉልበት ካልታወቀ ደግሞ ስድስት ሜትር። ኦፕሬተሩ ከታች ሆኖ ቀና ሲል በክንዱና በሽቦው መካከል ያለውን ርቀት በትክክል ሊለካ አይችልም። ስለዚህ ሽቦውን ብቻ የሚያይ፣ ሌላ ሥራ የሌለው፣ ሲጠጋ «አቁም!» የሚል ሰው መቆም አለበት። የኛዎቹስ? «ሰው ይባክናል» ይላሉ።

«ነፋስ ምን ያደርጋል፣ ክሬን እኮ ነው!» የሚል ካለም፣ ሁለት ታሪክ እናስታውሰው።

የመጀመሪያው ሐምሌ 7 ቀን 1991 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ፣ የቤዝቦል ስታዲየም ሲሠራ የሆነው ነው። ከዓለም ግዙፍ ክሬኖች አንዱ፣ «ታላቁ ሰማያዊ» የሚሉት፣ ከአራት መቶ ቶን በላይ የሚመዝን የጣሪያ ክፍል አንስቶ ሳለ ወደቀ። በሌላ ክሬን በተንጠለጠለ ቅርጫት ውስጥ ሆነው ይሠሩ የነበሩ ሦስት ብረት ሠራተኞች ሞቱ። ምክንያቱ ምን ሆነ? የጭነቱ ክብደት ተሰልቷል፤ ነፋሱ በዚያ ሰፊ ጣሪያ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ግን በስሌቱ ውስጥ አልገባም። ጣሪያው እንደ መርከብ ሸራ ነፋሱን ተቀበለ። በ1993 ዓ.ም. የፍርድ ቤቱ ዳኞች ለሟቾቹ ሚስቶች 99 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ፤ ክርክሩ ከዚያም በኋላ በይግባኝ ለዓመታት ተጓተተ። በዚያ ሁሉ ገንዘብ ግን አንድም ባል አልተመለሰም።

ሁለተኛው ጳጉሜን 6 ቀን 2007 ዓ.ም. በመካ ታላቁ መስጊድ የደረሰው ነው። እኛ ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ስንዘጋጅ፣ በማስፋፊያ ሥራው ላይ የነበረ ግዙፍ ባለ ሰንሰለት ክሬን በዐውሎ ነፋስ ተገፍቶ መስጊዱ ላይ ወደቀና ከመቶ በላይ ምእመናን ሞቱ። ልብ በሉ! ክሬኑ በዚያች ሰዓት ጭነት አያነሳም ነበር። የሳዑዲ መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ ያገኘው ክሬኑ ሥራ ላይ ሳይሆን ክንዱ ዝቅ ሳይደረግ መቆሙን፣ ይህም የአምራቹን መመሪያ የሚጥስ መሆኑን ነው። ክንዱን ዝቅ የማድረግ ሥራ ቀርቶ ነው ያ ሁሉ ሰው ያለቀው። ሥራ ሲያበቃ ክሬኑን «ዛሬ እንዲሁ ይደር» ብሎ መሄድ እኛም አገር የተለመደ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የኛ ሕግ ምን ይላል? ሕግ የለንም እንዳንል አለን። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ ስለ አደጋው እንዲያስተምረው፣ መከላከያ እንዲሰጠው ያዛል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛውን ያዛል፤ በመሣሪያው ላይ ጉድለት ካየ ወዲያው ለአሠሪው ያስታውቅ ይላል። እንግዲህ ያ ልጅ በዚያ ማክሰኞ ጧት ያደረገው የሕግ ግዴታውን ነው። ሕግ ያዘዘውን በመፈጸሙ እንጀራውን አጣ።

አንቀጽ 32ም አለ። ሠራተኛው ደኅንነቱን ወይም ጤናውን የሚያሰጋ አደጋ ሲመጣበት፣ አሠሪው ተነግሮት እያለ ካልተከላከለ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን አቋርጦ መሄድ ይችላል ይላል። ደግ ነው። ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ የመሄድ መብት ነው። ልጁ መሄድ አልፈለገም። ሥራው እንዲቆም፣ ጣውላው እንዲቀየር፣ ከዚያ እንዲቀጠል ነው የፈለገው። «አደጋ ካለ ውጣ» ማለትና «አደጋ ካለ አስቁም» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ሠራተኛውን ብቻውን ያወጣዋል፤ ቆሎ ሻጯን፣ ተማሪዎቹን፣ የታክሲ ረዳቱን ከክሬኑ ሥር ትቷቸው ይሄዳል።

የሚረሳ ሌላ ነገር አለ። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 13 ሕይወቱን ወይም ጤናውን የሚያሰጋ ቅርብና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በቂ ምክንያት ይዞ ከሥራው ዘወር ያለ ሠራተኛ ያልተገባ ጉዳት እንዳይደርስበት ይጠበቃል ይላል። አንቀጽ 19 ደግሞ አደጋው መኖሩን ሠራተኛው ለቅርብ አለቃው ካስታወቀ በኋላ፣ አሠሪው ማስተካከያ እስኪያደርግ ድረስ ተመለስ ብሎ ሊያስገድደው አይችልም ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ብሏል። ስለዚህ ይህ የፈረንጅ ምክር አይደለም፤ የራሳችን ሕግ ነው። መንግሥት ተለውጧል፣ ሕገ መንግሥት ተጽፏል፣ የሠራተኛ አዋጁ ራሱ ተደጋግሞ ተለውጧል። ካፖው ግን ዛሬም «አንተ ማነህ?» ይላል።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላስ? በሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ለማይችል ሠራተኛ አዋጁ የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ይክፈለው ይላል። የማንን ደመወዝ? ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ፣ ውል ያልፈረመ፣ ማታ ማታ በእጁ እየተቆጠረ የሚሰጠው ቀን ሠራተኛ፣ እዚያ ይሠራ እንደነበር የሚመሰክርለት ማነው? ጓደኞቹ? እነሱም «ነገ እንዳትመጡ» እንዳይባሉ ይፈራሉ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይህ ነው።

ከወዲያ በኩል የሚመጣውን መልስ እናውቀዋለን። «ክሬን የሚከራየው በሰዓት ነው። ማንም እየተነሳ ‹አቁም› ካለ ሥራው መቼ ያልቃል? ልማት ይደናቀፋል!» ይሉናል። ኪራዩ ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ አንክድም። ተቋራጩም ከላይ የሚጫነው አለ። ኦፕሬተሩም ቢሆን የእንጀራ ነገር ሆኖበት ነው። ግን እንተሳሰብ። ሥራው ለአሥር ደቂቃ ቆሞ ጣውላ ቢቀየር የአሥር ደቂቃ ኪራይ ይከፈላል። ክሬኑ ከተገለበጠ ማሽኑ፣ ሕንፃው፣ የሰው ነፍስ፣ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ ለወራት የተዘጋ ሥራ ይከተላል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ከኛ መሐንዲሶች የተሻለ ሒሳብ ያውቁ ነበር።

ጥድፊያው ከየት እንደሚመጣ ግን እንደብቅ ብንል አይደበቅም። የምረቃው ቀን ቀድሞ ይቆረጣል፤ ሪባኑ ቀድሞ ይገዛል፤ ሥራው ከኋላ እየሮጠ ይደርሳል። ከኮሪደር ልማቱ ጀምሮ እስከ የግል ፎቁ ድረስ «ሌት ተቀን» የሚለው ቃል እንደ ምስጋና ይነገራል። በሌሊት በደከመ ዓይን፣ በደበዘዘ መብራት ክሬን መንዳት ምኑ ነው የሚያስመሰግነው? ሹሙ ሲጎበኝ ሁሉም ሄልሜት ያደርጋል። ሹሙ ሲሄድ ሄልሜቱ ወደ መጋዘን ይመለሳል። ሄልሜትም ቢሆን ከሁለት ቶን ፌሮ ማንንም አያድንም። የሚያድነው ከጭነቱ ሥር አለመቆም ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሰማይ የሚነካ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ «አቁም» ያለ ሠራተኛ፣ ግምቱ ስህተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ የዕለት ደመወዙ እንዳይነካና እንዳይባረር በግልጽ መመሪያ ይውጣ። በየግንባታው በር ላይም ሁሉም በሚገባው ቋንቋ ይለጠፍ። መንግሥት ራሱ የሚያሠራቸው ሥራዎች ይጀምሩት።

ሁለተኛ፣ ክሬንና ገመድ በጊዜው ይመርመሩ። እንግሊዞች በ1991 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋሉት ደንብ ክሬን ቢያንስ በየዓመቱ፣ ማንጠልጠያ ገመድና ሰንሰለት፣ እንዲሁም ሰው የሚያነሳ መሣሪያ ደግሞ ቢያንስ በየስድስት ወሩ በዐዋቂ ይመረመራል። እያንዳንዱ የማንሳት ሥራም አስቀድሞ በዐዋቂ ይታቀዳል። እኛም አገር አሮጌ ክሬን ተገዝቶ ሲገባ ቀለም ተቀብቶ ብቻ ሥራ ሊጀምር አይገባም።

ሦስተኛ፣ መንጃ ፈቃድና የማንሳት ችሎታ ይለዩ። ክሬኑን ከቃሊቲ ፒያሳ በሰላም ያደረሰ ሁሉ ጭነት ማንሳት ያውቃል ማለት አይደለም። ሰንጠረዥ ማንበብ፣ ክብደት መገመት፣ የእጅ ምልክት ማወቁ በፈተና ይረጋገጥ። የሚያስረውና ምልክት የሚሰጠውም እንዲሁ።

አራተኛ፣ ክንዱ በሚዞርበት ክልል መንገዱ ይዘጋ። ለሠርግና ለእንግዳ መንገድ መዝጋት የሚያውቅ ከተማ፣ ሁለት ቶን ብረት በሰው ራስ ላይ ሲያልፍ ለግማሽ ሰዓት መዝጋት አያቅተውም።

አምስተኛ፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ሕጉ በሚፈቅድላቸው መሠረት ሳያስጠነቅቁ ይግቡ። «ሐሙስ እንመጣለን» ብሎ ደውሎ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሚያየው ለሐሙስ የተዘጋጀውን ነው። አደጋ ሲደርስም የምርመራው ውጤት ለሕዝብ ይነገር። ሬሳ አንስቶ፣ ደሙን በአሸዋ ሸፍኖ፣ «ዕድሉ ነው» ብሎ ማለፍ ይብቃ።

ለሠራተኛ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ይህን እንንገራችሁ፤ ቆርጣችሁ አስቀምጡት። የማቆሚያ ምልክት አንድ እጅን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ መዳፍን ወደ መሬት አድርጎ፣ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው። አጣዳፊ ከሆነ ሁለቱንም እጆች እንዲሁ። ድምፅ በሞተር ጩኸት ይዋጣል፤ እጅ ግን ይታያል። ከተንጠለጠለ ጭነት ሥር አትለፉ። ጭነቱ እንዳይዞር በእጃችሁ አትያዙት፤ መቆጣጠሪያ ገመድ ይታሰርለት። በክሬኑ ገላና በግድግዳ መካከል አትቁሙ፤ ሲዞር ያጣብቃል። ክሬኑ የመብራት ሽቦ ከነካ ማንም አይጠጋ፣ ማንም ማሽኑን አይንካ። ኦፕሬተሩ መብራቱ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ከውስጥ አይውጣ። እሳት ተነስቶ መውጣት ግድ ከሆነበት ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዝለል፤ ማሽኑንና መሬቱን አንድ ላይ ሳይነካ፣ እግሮቹን ሳያራርቅ፣ በትንንሽ እርምጃ ይራቅ።

ያ ልጅ ዛሬ የት እንደሚሠራ አናውቅም። ምናልባት ሌላ ግንባታ ላይ፣ ሌላ ክሬን አጠገብ አካፋውን ይዞ ቆሟል። በዚያ ጧት ከክሬኑ ሥር ያለፉት ተማሪዎች፣ ማታ ወደ ቤታቸው የተመለሱት እናት፣ የታክሲ ረዳቱ፣ እኛም ጭምር፣ አንዳችንም ልጁን አላመሰገንነውም። ካፖው ገፍትሮት ስናይ ከመንገዱ ማዶ ቆመን ዝም ነው ያልነው። የርሱ ጥፋት እንዳለ ሆኖ፣ የኛም ዝምታ ጥፋት ነው። እኛ መንገደኞቹም እጃችንን ዘርግተን «አቁም!» ልንል ይገባን ነበር፤ አልነበረንም እንጂ መብቱስ የሁሉም ነበር።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን መከራው የሚመክረው እምቢ ያለውን አይደለም። ከሥሩ ያለፈውን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ልጅ አካፋውን ጥሎ፣ እጁን ዘርግቶ ሲሮጥ፣ ማን እንደሆነ አትጠይቁት። መጀመሪያ አቁሙ።